የማይነፋው ጡሩንባ

ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ይሄ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ከዚህ በኋላ የምናገረውን የሰማ ሰው ጠላቱ ናት ብሎ እንዳይፈርድብኝ ነው። ጠላቱ አይደለሁም። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሲያጠፋ ግን አፌን ይዤ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም።

ሥራው ጎማ መጠገን ነው። መንገድ ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ይውላል። እኔ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የቤታችን የፊት ክፍል የእኔ መሥሪያ ነው፤ ከኋላ ባለው ክፍል እሱና ልጁ ይተኛሉ። ሚስቱ የሞተችበት ልጅቷ ገና ቆማ መሄድ ሳትጀምር ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት አባትየው እሱ፣ እናትየዋ እኔ፣ ነገረኛዋም እኔው ነኝ።

ልጅቷን ጉንጮ ነው የምንላት። ድሮ ጉንጯ እንደማንኛውም ልጅ ጉንጭ ነበር። ኋላ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙ። ከማሽን ጋር እየታሰረች ደሟን ስታሳጥብ ከረመችና በስንት መከራ የአባቷ አንድ ኩላሊት ተተከለላት። ከዚያ ወዲያ የምትውጠው መድኃኒት ፊቷን እንደ ሊጥ አስነሳው። መጀመሪያ ጉንጮ ያሏት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሊሰድቧት። ልታለቅስ ስትል አባቷ ቀደም አለና "ጉንጮዬ!" ብሎ ጉንጯን ግጥም አድርጎ ሳማት። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

ኩላሊቱ ከተተከለ በኋላ ልጅቷ ብድግ ብላ የምትሮጥ መስሎን ነበር። ሞኝነት! ያን ሁሉ ጊዜ ተኝታ የኖረች ልጅ እንዴት ትሮጣለች? ከአልጋዋ ተነስታ የእኔ የስፌት ማሽን ጋ እስክትደርስ ድረስ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ትደገፍና "አክስቴ፣ ደረስኩ" ትለኛለች፣ አገር አቋርጣ የመጣች ይመስል። እኔም "እንኳን ደህና መጣሽ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?" እላታለሁ። እንስቃለን። የሷ ሳቅ ግን ትንፋሽ አጥሮት ከመሃል ይቋረጣል።

ሆስፒታሉ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን እንቅስቃሴ የምታሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች። እኛ አሰልጣኟ እንላታለን። ሳንባዋ ደህና ነው አለችን፤ የደከመው አየር የሚስበው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ከሆነ ደግሞ እንደ እግርና እንደ ክንድ ይሠለጥናል። ከዚያ ጭብጥ የምታክል የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። በአንድ በኩል አፍ የሚገባ ጫፍ አላት። ውስጧ ትንሽ ክዳን አለ፣ ክዳኑን ሞላ ይዞታል። ልጅቷ አፏን ገጥማ በኃይል ስትስብ ሞላው ይሸነፍና ክዳኑ ተከፍቶ አየር ሽው ብሎ ይገባል። ደካማ ከሳበች ዝም ነው። ልጅቷ በበረታች ቁጥር ከታች ያለውን ማጥበቂያ ትንሽ ትንሽ ማዞር ነው።

"ጡሩንባ ናት?" አለች ጉንጮ።

"ጡሩንባ ይነፋል። ይቺ ትሳባለች" አለቻት አሰልጣኟ።

"ታዲያ ምኑን ጡሩንባ ሆነች!" አለች ጉንጮ። ስሟ ግን ጡሩንባ ሆነ። ጠዋትና ማታ ጡሩንባ፣ በመሃል ደግሞ ከቤት እስከ መንገዱ ጫፍ መራመድ ታዘዘላት።

አሁን ደረጃውን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። የጉንጮ ክፍል ያለው ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ "ደረጃውን በራሷ ወጥታ ከገባች ነገውኑ ትምጣ። ካልሆነ ተሸክሞ የሚያወጣት ሰው የለኝም" አሉን። ክፍሉን ወደ ታች አውርዱት ብዬ ተጣላኋቸው። ታች ያሉት የሕፃናቱ ክፍሎች ናቸው አሉ፤ ከፈለገች እዚያ ትቀመጥ። ጉንጮ ይህን ስትሰማ "ከሕፃናት ጋር? ሞቼ ነው?" አለች። ሰሃን ሙሉ መድኃኒት ስትውጥ እንባ ያልወጣት ልጅ ያን ቀን አለቀሰች። እኔም አዲስ ዩኒፎርም ሰፋሁላት። ሰውነቷ በመድኃኒቱ ስለሚያብጥ ወገቡ ላይ ለማስፋት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ተውኩ። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው እሱን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጡሩንባዋ አልከፈት አለች። ጉንጮ ትስባለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ የአንገቷ ሥር ይገታተራል፣ ዝም። አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ "አይዞሽ የኔ እናት" ይላታል። የተተከለላት ኩላሊት ያለው እንደኛ ጀርባዋ ላይ አይደለም፤ ከፊት፣ ከሆዷ በታች በቀኝ በኩል፣ ከቆዳዋ ሥር ነው፤ እጅ ሲያደርጉበት ይዳሰሳል። አንድ ቀን መዳፉን እዚያ ላይ አሳርፎ ሳቢ አላት። በኃይል ሳበች። ወንድሜ እጁን እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀና ተነስቶ ወጣ። ስሜቱ ቢነካ ነው አልኩ። ወንድ ልጅ ሰው ፊት ሲያለቅስ ያፍር የለ፣ እንጂ ሌላ ምን እጠረጥራለሁ?

ከጥቂት ቀን በኋላ ጡሩንባዋ ተከፈተች። ሽው! ልብስ እየቆረጥኩ ነበር፣ መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። "ድገሚው!" ብላት ደገመችው። ሽው! ወይ ደስታ! እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ማጥበቂያውን አዞርነው፣ አሁንም ሽው። አሁንም አዞርነው፣ አሁንም ሽው። ልብስ ለማስለካት ለሚመጣ ሁሉ "የኛ ልጅ እኮ እንደ ወጠምሻ ትስባለች" እያልኩ ማውራት ሆነ ሥራዬ። ወንድሜ ግን ፈገግም አይል። "ምነው አንተ፣ ምን አባክ ሆነህ ነው የምትኮሳተረው?" ብለው "ደክሞኝ ነው" አለኝ።

የሚገርመው ጡሩንባው ላይ እንዲያ የጎበዘች ልጅ መራመዱ ላይ ያው ናት። እስከ መንገዱ ጫፍ ስትሄድ አሁንም ሁለት ቦታ ትቀመጣለች። እኔም እግሯን ወቀስኩ፤ ሳንባው በርትቶ እግሩ ነው የሰነፈው አልኩ። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሙን አለበስናትና ወደ ትምህርት ቤት ይዘናት ሄድን።

የመጀመሪያውን ደረጃ እጄን ይዛ ሳይሆን ብቻዋን ወጣች። ሁለተኛው መሃል ላይ ብረቱን ያዘች። "ልረፍ?" አለችኝ። "እረፊ፣ ማን ያሯሩጥሻል" አልኳት። ተነሳች፣ ጥቂት ወጣች፣ ከንፈሯ ግን አመድ መሰለ። ላይ ፎቅ የክፍሏ ልጆች ብረቱን ተደግፈው ቁልቁል ያዩዋታል። አንዷ "ጉንጮ ነይ! ቦታሽን ይዘንልሻል!" ብላ ጮኸች። ጉንጮ ቀና ብላ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣትም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ በዚያው ወደ ጎን ዘንበል አለች። አባቷ ታቅፏት ወረደ። ርዕሰ መምህሩ በር ድረስ ሸኙንና "ትንሽ ትበርታና ትመለሳለች፣ ምን ቸገረን" አሉ። ምን ይቸግራቸዋል! ዩኒፎርሙን አጥቤ ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

ቀጠሮአችን ሲደርስ አሰልጣኟ በራሷ መለኪያ ለካቻት። ለካቻትና ፊቷ ተቀየረ። እንደገና ለካች። ልጅቷ ከጀመረችበት ፈቀቅ አላለችም።

"ቤት ትሠሪያለሽ?" አለቻት።

"ጠዋትም ማታም" አለች ጉንጮ።

"ቁጥሩ ግን እንደዚያ አይልም። አልቆጣሽም፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ውሸት አንቺን ነው የሚጎዳው።"

ጉንጮ ቀስ ብላ አባቷን አየችው። አባቷ ጫማውን ያያል። አንገቷን ደፋችና "አንዳንዴ እዘለዋለሁ" አለች።

ደሜ ፈላ። "አንቺ ልጅ፣ ምን እያልሽ ነው? መቼ ዘለልሽ? እኔ አይደለሁም ወይ ምስክርሽ?" አልኩ። ወደ አሰልጣኟ ዞርኩና ልጃችን ውሸታም እንዳልሆነች፣ በዓይኔ በብረቱ እንዳየሁ፣ እዚያ ድረስ ጠብቆ እንኳ እንደምትከፍተው አስረዳሁ፤ ማስረዳት ሳይሆን መጮኼ ነበር። አሰልጣኟ ሌላ አዲስ ጡሩንባ አምጥታ እኛ ቤት የጠበቀውን ያህል አጠበቀችና "እስቲ እርስዎ ይሳቡት እናቴ" አለችኝ። ሳብኩ። የተዘጋ በር የመሳብ ያህል ነው። ዓይኔ ሊወጣ ደረሰ። "ይህን ነው እሷ በቀላሉ ትከፍተዋለች የሚሉኝ?" አለች በትህትና። አፌን ዘጋችው። በሕይወቴ አፌን ያዘጋኝ ሰው ጥቂት ነው።

ቤት ስንደርስ ጉንጮ ደክሟት ተኛች። ወንድሜ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ የሷን ጡሩንባ አነሳሁ፣ ያንኑ ያህል መጥበቁን አየሁና አፌን ገጥሜ ሳብኩ። አየሩ በተከፈተ መስኮት እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ። ፈታሁት። ሞላው አጭር ነው። ጫፉ ላይ በፒንሳ የተቆረጠበት ቦታ ያብረቀርቃል። ቤታችን ውስጥ ፒንሳ የሚይዝ ሰው አንድ ነው።

ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሄድኩ። የመኪና ጎማ እየነፋ ነበር።

"አጥፋው!" አልኩት። "ማሽኑን አጥፋው አልኩህ!"

በእጄ የያዝኩትን ሲያይ አጠፋው። ከዚያ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

"እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ነበር እትዬ" አለ። "ስትስብ ኩላሊቱ ከእጄ ሥር ተገፋ። በመዳፌ ሰማሁት እኮ።"

"ቢገፋስ?"

"ያ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ ትዝ ይልሻል? ያ የጭነት መኪና ጎማ የፈነዳበት? ትንሽ ጨምርበት ነው ያሉት። ትንሽ ብቻ። ጎማውን ከውጭ ስታይው ምንም አልነበረውም። አሰልጣኟ ጨምሩ ባለች ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ። በየጊዜው ጨምሩ፣ ጨምሩ! ያቺ ኩላሊት ከተጎዳች ሌላ ከየት አመጣለሁ? የቀረችኝን ልስጥ ብል ማን ይቀበለኛል?"

"ልጅቷ ጎማ አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። ደንበኞቹ ሁሉ ዞሩ። "ልጅቷ ጎማ አይደለችም፣ አንተ የማትረባ! ደረጃው ላይ በክፍሏ ልጆች ፊት ስትወድቅ ምን ታያለህ? ውሸታም ስትባልስ? ጫማህን ታያለህ? ጫማህን!"

"አፌ ተያዘ" አለ። መልሶ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እጅጌውን ይዤ አሰልጣኟ ዘንድ ወሰድኩት። ሁሉንም ነገራት። ትቆጣዋለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልተቆጣችም። ኩላሊቱ ስንስቅም፣ ስናስልም፣ ስንተነፍስም ትንሽ እንደሚንቀሳቀስ፣ ይህ እንደማይጎዳው አስረዳችው። እንደ ተማሪ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። "መጀመሪያ ቢጠይቁኝ ኖሮ" አለችው መጨረሻ ላይ። "ልጅቷን ያምጧት፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። አልረፈደም።"

አልረፈደም አለች። እኔም አመንኳት። ስንመለስ ወንድሜን አልሰደብኩትም።

ነገር ግን ሳንወስዳት የደም ምርመራዋ ውጤት ደረሰና ሐኪሙ አስጠራን። ኩላሊቱ እየደከመ ነው አለ። አስተኟት፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፣ ጉንጯ የባሰ አበጠ፣ ኩላሊቱ ግን አልተመለሰም። ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት እየተዋጋው ነው አለ ሐኪሙ። ወንድሜ "ከእንቅስቃሴው ነው? ሞላውን እኔ… ወይስ ተሸክሜያት ስወርድ ተጭኛት ይሆን?" እያለ ሲጨነቅ ሐኪሙ አቋረጠው። "ከዚያ ጋር ምንም አይገናኝም። ሞላው ቢቆረጥም ባይቆረጥም ይሄ ይመጣ ነበር።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ያጽናናው ይሆናል። እኔን አናደደኝ። የወንድሜ ጥፋት ቢሆን እኮ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። እንዲሁ በከንቱ ነው ማለት ነው፤ እሱም በከንቱ ፈራ፣ ልጅቷም በከንቱ ውሸታም ተባለች፣ ኩላሊቱም በከንቱ ሄደ። ሌላ የሚሰጥ ዘመድ ካለ አምጡ አሉን። እኔ ራሴን አቀረብኩ፤ የኔን ግፊትና ስኳር ሲያዩ ገና ከበሩ መለሱኝ። ሌላ ማን አለን? ማንም። ጉንጮ ወደ ማሽኑ ተመለሰች፣ ደሟን ወደምታሳጥብበት፣ ወደዚያው ወንበር።

አሰልጣኟ እዚያ ድረስ መጥታ ጠየቀቻት። አዲስ ጡሩንባ ይዛላት ነበር። "ያኔ አልዋሸሽኝም ነበር፤ ዕቃው ነው የተበላሸው። ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት። ማን እንዳበላሸው አልነገረቻትም፤ እኛም አልነገርናትም። ለሚመጣው ሁሉ ጉልበት ስለሚያስፈልጋት እንዳታቋርጥ መከረቻት። የሚመጣው ምን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም የጠያቂነቴን ያህል ያን ቀን አልጠየቅኩም።

ቤት ገብተን ከሰዓት ላይ ጉንጮ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጡሩንባዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ከማሽኔ ሆኜ በተከፈተው በር አያታለሁ። ሳበች፣ ዝም። እንደገና ሳበች፣ ዝም። አወጣችውና ለአባቷ ዘረጋችለት።

"አባዬ፣ ይሄም ተበላሽቷል" አለች። "እንደዚያኛው አስተካክልልኝ።"

ወንድሜ "የትኛውን?" አለ።

"ሞላውን ስትቆርጥልኝ አይቼሃለሁ እኮ። የተኛሁ መስሎህ ነበር።"

ተነስቼ ገባሁ። "ያኔ አሰልጣኟ ስትጠይቅሽ ታዲያ ለምን እዘለዋለሁ አልሽ? ለምን ውሸታም መባል ፈለግሽ አንቺ ልጅ?"

"አባዬን እንዳትቆጣው ነዋ" አለች። እንደ ቀላል ነገር። "እሱ እኮ የተበላሸውን ነው ያስተካከለልኝ። ያኔ በደንብ ትከፈት ነበር።"

ወንድሜ ተነስቶ በሩ ሥር ካለው የዕቃ ቦርሳው ፒንሳውን አወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእጁ እነጥቀው ነበር። ያን ቀን ግን ምን ብዬ ልከልክለው? ቁረጥላት ልለው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሽው ትበልላት። ፒንሳውን ይዞ ቆመ፣ ቆመ፣ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ የሸሚዟን ጫፍ ገለጠና መዳፉን በቀኝ በኩል፣ የሱ ኩላሊት ባለበት ቦታ ላይ አሳረፈ።

"ይሄኛው አልተበላሸም የኔ እናት" አላት። "ሳቢ። እስከቻልሽው ድረስ ሳቢ።"

"አንተ አትፈራም?" አለችው።

"አልፈራም። ከእንግዲህ የሚፈነዳ ነገር የለም።"

ጉንጮ ዓይኗን ጨፍና ሳበች። አልተከፈተም። "ድገሚ" አላት፣ ደገመች። እጁን አላነሳም። እኔ ወደ ማሽኔ ተመልሼ ተቀመጥኩና ለቅሶዬ እንዳይሰማ መርገጥ ጀመርኩ፤ መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።